የማዳም ፈርናንድ ስድስት መቶ ፈረስ

ሰው መጣል ሥራዬ ነው። ሲልቫን እባላለሁ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነኝ። በረዷማዋ ከተማችን ሳግኔ ውስጥ አጠገቤ መሪ ይዞ ላብ ያላጠመቀው ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም መንዳት አትችልም። ስለዚህ የኢንሹራንስ ሻጩ ኖርማን ቢሮዬ ገብቶ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ "እባክህ እናቴን ጣልልኝ" ሲለኝ ብዙም አልደነቀኝም። ያናደደኝ ጫማው ላይ ያለው በረዶ ምንጣፌ ላይ መቅለጡ ነው።

"ምን አደረጉህ?" አልኩት።

"ሰማንያ ሞላት።"

"እሱማ ወንጀል አይደለም።"

"መኪናዋን አይተሃታል?"

ማን ያላየ አለ! ማዳም ፈርናንድ ባለፈው ዓመት ላሞቻቸውን ከነበረታቸው ሸጡና ቀይ ኤስዩቪ ገዙ። ተራ መኪና እንዳትመስላችሁ። ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ወንበሯ ወተት በመሰለ ቆዳ የተለበጠ፣ ድምፅዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀድሞ የሚሰማ ጉድ ናት። እንዲህ ያለውን የሚነዱት ከሞንትሪያል ለበረዶ ሸርተቴ የሚመጡ ቅምጥሎች ናቸው እንጂ አናታቸው ከመሪው በላይ በጭንቅ የሚታይ የገጠር አሮጊት አይደሉም። ሰፈሩ ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

"በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሞተ ፈረስ የሚሉትን ዳገት ተሻግራ አባቴ ወዳለበት የአረጋውያን ማረፊያ ትሄዳለች" አለ ኖርማን። "ትሂድ፣ ግድ የለም። ግን ግቢው ውስጥ ቆማ ሞተሩን ታስጮኸዋለች! ቆማ እኮ ነው የምልህ! ዝም ብላ ነዳጅ እየረገጠች! ነርሶቹ ናቸው የነገሩኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት 'ሞተሬን እያሞቅኩ ነው፣ ምን አገባህ' ትለኛለች። ጤና አይደለችም፣ ሲልቫን። አንድ ቀን ከዚያ ገደል ነው የምናወጣት።"

ፈርቶ እንጂ በክፋት እንዳልመጣ ያኔ ገባኝ። "መንጃ ፈቃዷ ከተወሰደ ግድ የለም፣ እሁድ እሁድ እኔ አደርሳታለሁ" አለኝ ሲወጣ። በየቀኑ የነበረው እሁድ ብቻ ሊሆን ነው ማለት ነው። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላሰብኩበትም፤ ምንጣፌን እያየሁ ነበር።

ልጅየው ካመለከተ መፈተናቸው ግድ ነውና ለማክሰኞ ቀጠርኳቸው። መንገዱን የመረጥኩትም እኔው ነኝ፦ በዚያው በሞተ ፈረስ ዳገት አድርጎ እስከ ማረፊያው ግቢ። ከወደቁ አይቀር በደንብ ይውደቁ ብዬ።

ማክሰኞ ዕለት ሰማዩ ያለ የሌለውን በረዶ ዘረገፈው። ሌላ ፈታኝ ቢሆን ቀጠሮውን ያዛውር ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ቀዩዋ መኪና እያጉረመረመች ቢሮው በር ላይ ቆመች፣ መስኮቷ ዝቅ አለ፣ የጸጉር ባርኔጣና ከሥሩ ሁለት ተንኮለኛ ዓይኖች ብቅ አሉ።

"ግባ እንጂ አንተ ልጅ፣ ሙቀቱን አታስወጣብኝ!"

"ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ማዳም።"

"አይዞህ፣ ታድጋለህ። እንካ፣ ይሄን ያዝ።"

ቀበቶዬን ሳስር ጭኔ ላይ ድስት አረፈ። በወፍራም ፎጣ የተጠቀለለ ነው። የአተር ሾርባ፣ ከነአሳማ ሥጋው፣ እስከ አፉ የሞላ፣ የሚጨስ፣ ክዳን የሌለው።

"ማዳም፣ ይሄ እኮ ፈተና ነው!"

"ፈተና አይደለም አልኩህ? ባሌ ኦቪላ የሚበላው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ በምሳው ሰዓት የቀጠርከኝ ደግሞ አንተ ነህ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጾሙን ይዋል?"

"ክዳኑስ?"

"ትናንት እዚያው ረሳሁት። ወንበሬ ላይ ብታፈስ ግን ወዮልህ፣ እኔ ነኝ የምጥልህ።"

ውጤት የምመዘግብበትን ታብሌት ብብቴ ሥር ወሸቅኩት። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ድስቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ የሾርባ ሞግዚት ሆንኩ።

ተነሣን። እኔ የጠበቅኩት ወንበሩ ጀርባዬን እስኪሰብረው ተወርውረን መሄድን ነበር። መኪናዋ ግን መነሣቷን ያወቅኩት ማደያው ወደ ኋላ ሲቀር አይቼ ነው። መታጠፊያው ላይ ፍሬቻ አሳዩ፣ ገና ከሩቁ እግራቸውን ከነዳጁ አነሡ፣ መሪውን ቀስ አድርገው አዞሩ። ሾርባው ዳር ላይ ደርሶ ተመለሰ እንጂ አልፈሰሰም። ተናደድኩ። ሰው ለመጣል በተዘጋጀሁበት ቀን እንዲህ ያለ አነዳድ አልወድም።

"ስድስት መቶው ፈረስ የት ሄደ?" አልኳቸው ልተነኩሳቸው።

"ተኝተዋል። አንተ ሾርባ ይዘህ ለምን እቀሰቅሳቸዋለሁ?" ስፖኪዮውን አየት አደረጉ። "ይልቅ ያቺ ከኋላችን ያለችው ነጭ መኪና የማን ናት?"

አንገቴን ማዞር አልቻልኩም፣ ድስት አለብኝ።

"የኖርማን ናት" አሉ ራሳቸው። "ስወድቅ ሊያየኝ ነው። እስኪ እያት፣ ጭጭ ያለች! በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። ጉልበቷ ከኔይቱ አያንስም፣ ዋጋዋ ይበልጣል፣ ግን ቤትህ በር ላይ መጥታ ብትቆም እንኳ አትሰማትም። ምን ያደርጋል እንደዚህ ያለ ነገር?"

የሞተ ፈረስ ዳገት ላይ በረዶ ጠራጊው ገና አልደረሰም ነበር። ነፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትነዋል፤ መንገዱ፣ ቦዩና ገደሉ አንድ ነጭ ሆነዋል። ማዳም ፈርናንድ መሪው አጠገብ አንዲት የበረዶ መንገድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ጎማዎቹ በረዶውን እያኘኩ ሲወጡ ብቻ ይሰማል።

ጥምዝማዛው ላይ ስንደርስ የመኪናዋ ቂጥ ወደ ገደሉ ሸሸ። ማዳም ፈርናንድ ፍሬን የሚባል ነገር አልነኩም፤ መሪውን ቂጧ ወደ ሸሸችበት ጥቂት መለስ አድርገው ጠበቋት። እኔ ግን ነካሁ! እኛ ፈታኞች በምንፈትንባቸው መኪናዎች እግሬ ሥር የራሴ ፍሬን አለኝ፣ ዕድሜ ልኬን አለኝ። በዚህችኛዋ የለም፣ ይህን ግን ለእግሬ የነገረው የለም። ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት፣ ጉልበቴ ብድግ አለ፣ ድስቱ ተንጋደደና የፈላ የአተር ሾርባ ሱሪዬ ውስጥ ገባ።

"ዋይ! ዋይ! ዋይ!"

"ማነው ያፈሰሰው?" አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። መኪናዋ ቀጥ ብላ መስመሯን ይዛለች።

"እኔ ነኝ።"

"መዝግብ።"

ወዲያው ስፖኪዮውን አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። የእኛ መኪና ስትንሸራተት ኖርማን ደንግጦ ፍሬን ይዞ ኖሮ፣ ያቺ ነጭ መኪናው አንዴ ዞረች፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቦዩ ውስጥ ተኛች።

"ማዳም፣ ልጅዎ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ፣ ማን ወለደውና! ደህና ነው፣ ይኸው በሩን ከፍቶ እየወጣ ነው። ትንሽ ብርድ ይቅመስ።"

ያም ሆኖ ቆሙ። ወደ ኋላ እየነዱ፣ በስፖኪዮ ብቻ እያዩ፣ ነጯ መኪና አፍንጫ ድረስ ሄዱ። ከኋላ የመጎተቻ ገመድ አውጥተው እስከ ጉልበታቸው በረዶው ውስጥ ገቡ። እኔ መውረድ ነበረብኝ፣ ግን የቀረውን ሾርባ ለማን ልስጠው? መስኮቱን ከፍቼ አዳመጥኩ።

"እማ! ተጎዳሽ?" ይላል ኖርማን፣ ጸጉሩ በረዶ ለብሶ።

"እኔ? ቦይ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ?"

"ስትንሸራተቺ አይቼ እኮ ነው! ነፍሴ ወጣች!"

"ነፍስህ ስትወጣ እግርህን ፍሬን ላይ ትተህ ነው የወጣችው። በል ግባና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ሌላ ምንም እንዳትነካ! ሰማህ? ምንም!"

ተመልሰው ገቡ፣ ጓንታቸውን አራገፉ፣ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን እቀሰቅሳቸዋለሁ። ድስቱን ወደ ላይ።"

ቄስ ጽዋ እንደሚይዝ ድስቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ከዚያ ሞተሩ ከሆዱ አጉረመረመ፣ አራቱም ጎማ በረዶውን ነክሶ ያዘና ያቺ ከባድ መኪና ከቦዩ ተጎትታ ወጣች። "ጎበዝ!" ብዬ ልጮህ ነበር። እኔ! ፈታኙ!

ማረፊያው ግቢ ስንገባ ማዳም ፈርናንድ በቀጥታ ከአንድ መስኮት ሥር፣ አምቡላንስ ብቻ የሚቆምበት ቦታ ላይ አቆሙ።

"እዚህ ማቆም ክልክል ነው!" አልኩ በደስታ። በመጨረሻ አንድ ስሕተት!

"በየቀኑ የማቆመው እዚህ ነው።" ሌላ ቁልፍ ተጫኑ። "በል ጆሮህን ያዝ።"

"በምን እጄ?"

"እንግዲያው አትያዝ።"

ነዳጁን ረገጡት። እናንተዬ! ስድስት መቶው ፈረስ ባንድ ላይ አገሣ፤ ደረቴ ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሪያው ላይ በረዶ ተንዶ ወደቀ። ለቀቁት፣ እንደገና ረገጡት። ኖርማን መኪናውን ከኋላችን አቁሞ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲመጣ አየሁት።

"ማዳም፣ ለምንድነው ይሄ?" አልኩኝ። ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

እግራቸውን አነሡ። "ስሜን ከረሳ ቆየ" አሉ መስኮቱን እያዩ። "እጁን ስይዘው ይነጥቀኛል። ማንኪያ ሲያቀርቡለት አፉን ይገጥማል። አንድ ቀን የሆነ ጎብኚ እዚህ ግቢ የተበላሸች መኪናውን ሲያስጮህ ኦቪላ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ስንጋባ እኮ ሐይቁ በረዶ ሲሆን እላዩ ላይ መኪና የሚወዳደር ሰው ነበር፤ እኔም የወደድኩት ለዚያው ነው። በማግስቱ ላሞቹን ሸጥኩ።"

እንደገና ረገጡት። መስኮቱ ተከፈተ። ጸጉራቸው የቆመ፣ ፒጃማ የለበሱ ሽማግሌ እስከ ወገባቸው ወጡ። ባልየው፣ ሞስዬ ኦቪላ ናቸው፤ ከኋላቸው አንዲት ነርስ ፒጃማቸውን ይዛለች።

"ማርሽ ቀይሪ!" ብለው ጮኹ። "አንቺ ልጅ! ማርሽ! ሞተሩን ልትገድይው ነው እንዴ?"

"አንቺ ልጅ" አሉ ማዳም ፈርናንድ በሹክሹክታ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። "ስንተዋወቅ እንዲህ ነበር የሚለኝ።"

"ያ ሰውዬ ደግሞ ማነው?" ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ቦታዬ ላይ ምን ይሠራል? ውረድ አንተ! ውረድ ከዚያ!"

ወረድኩ። ምን እላለሁ? ነርሷ ካፖርት አልብሳ አመጣቻቸው፣ ክዳኑንም በብብቷ ይዛለች። ሞስዬ ኦቪላ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፣ ድስቱን ከእጄ ተቀበሉ፣ ማዳም ፈርናንድ ከኪሳቸው ማንኪያ አወጡላቸው። ሽማግሌው ሞተሩ በቀስታ እያጉረመረመ፣ ዳሽቦርዱን በግራ እጃቸው እየደበደቡ፣ ሚስታቸው የትኛው ጥምዝ ላይ እንደዘገየች እየተቆጡ፣ ሾርባውን እስከ ታች በሉት። ሚስትየዋ ሲሰደቡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

ኖርማን አጠገቤ ቆሟል።

"እሁድ እሁድ ስመጣ ፊቱን እንኳ አያዞርልኝም" አለኝ። ዞር ብሎ ነጯን መኪናውን አያት። ጭጭ ብላ ቆማለች።

ከዚያ አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገና ወደ እናቱ መስኮት ሄደ።

"እማ... እሁድ ይቺን ታውሺኛለሽ?"

ማዳም ፈርናንድ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲልቫን፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?"

"ከማቆሚያው በቀር አልፈዋል" አልኩ። ሱሪዬ በብርዱ ደርቆ ቆሟል፣ ድምፄ ግን እንደ ሥርዓቱ ነው።

"ይሁን። እንግዲያው ሥራህን ቀጥል፤ ይሄን ልጅ በዚችው መኪና ፈትንልኝ። ነገ ድስቱን ሞልቼ አመጣለሁ።" መስኮቱን ሊዘጉ ሲሉ የሆነ ነገር ትዝ አላቸውና ጭኔን አዩት። "ክዳኑን ግን አላመጣም።"