ለስድስት ሰው የታሰበ ጠረጴዛ

ሰፈሩ «ጋሽ ፀጉር» ይለዋል። ራሱ ላይ አንዲት የለችም፤ ስሙ የወጣለት እንጨት በለካ ቁጥር «በፀጉር ትበልጣለች፣ በፀጉር ታንሳለች» ስለሚል ነው። አናጺ ነው። እንደ ብዙ አናጺ ደግሞ የራሱ ቤት ባዶ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የነበራቸውን የምሳ ጠረጴዛ አንድ ደንበኛ ወድዶት፣ ሳህኖቹ ተነስተውለት ይዞት ሄዷል። እሷ ስታርፍ ለቀስተኛው የተቀመጠው በኪራይ ወንበር ነበር። ወንበሩ ተመለሰ፤ ሰዉም አብሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፀጉር ሰጋቱራውን በክንዱ ገፋ አድርጎ፣ ሳህኑን መሥሪያው ላይ አስቀምጦ፣ ቆሞ ነው የሚበላው።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ደወለች።

«አንተ፣ ልጆቹ አጎታችን የት ገባ እያሉ አስቸገሩኝ እኮ።»

«ይዘሻቸው ነይያ።»

«መጥተን የት ልንበላ? ጭንህ ላይ? ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበት ጠረጴዛ ሥራና በየእሁዱ እንመጣለን። ከመጪው እሁድ እንጀምር።»

«በየእሁዱ» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ። እህቱ፣ ባሏ፣ ሦስት ልጆች፣ እሱ፤ ስድስት። በማግስቱ ጥሩ ጣውላ ገዛ። እግሮቹን በአንድ ቀን ጨረሰ። የቀረው እግርን ከእግር የሚያያይዙትን አግዳሚዎች መግጠም ነበር። ለዚህ የእጅ ማሽን አለችው፤ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ስስ ቀዳዳ ታወጣለች፣ በቀዳዳው የእንጨት ምላስ ይገባል፣ ኮላ ይቀባል፣ ሁለቱ እንጨቶች አንድ ሆነው ይቀራሉ።

«መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል» አለ ጮክ ብሎ፣ ለባዶው ቤት። «የማሽኗ መደገፊያ ቀጥ ማለቱን በእስኳድራ እይ። ጥልቀቱን ለካ። ሁልጊዜ በእርሳስ ምልክት ባደረግህበት ገጽ በኩል አስደግፍ። ጥርሱ ሙሉ ፍጥነት ሳይዝ አትግፋ። ከሁሉ በፊት ግን ቁርጥራጭ ላይ ሞክር።»

ጎረቤቱ ብየዳ ሠሪ በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማሽኗ ጋር።»

«ትመልስልሃለች?»

«ሶኬቷን ነቅያለሁ።»

ቁርጥራጩ ላይ ሞከረ፤ ልክ። ዋናው እንጨት ላይ ቆረጠ፤ አግዳሚው ከእግሩ በፀጉር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ አሻሽቶ ያልፈው ነበር። ጋሽ ፀጉር የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ ጣለ። ከፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ እኩል መሆን ስላለበት እሱንም ቆረጠ። ማሽኗን ከዜሮ አስተካከለ፣ ቁርጥራጭ ላይ ሞከረ፤ ልክ። ዋናው ላይ፤ በፀጉር ዝቅ። እንደገና ቆረጠ።

«ሰውዬ፣ እህትህ ፀጉር ለክታ ነው እንዴ የምትበላው?» አለ ብየዳ ሠሪው። «እኛ ጋ የማይገጥም ነገር የለም። ያልገጠመ ካለ መዶሻው አልበቃውም ማለት ነው።»

አናጺው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጠረጴዛው የአምስት ሰው ሆነ፣ የአራት ሆነ፣ የሁለት ሆነ። ጋሽ ፀጉር ይህን አላየም፤ የሚያየው መጋጠሚያውን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንድ ሙከራ በኋላ፣ ማሽኗን ገልብጦ አያት። መደገፊያው ሥር፣ ማዕዘኑ ላይ፣ የተጠቀጠቀች የሰጋቱራ ፍርፋሪ ነበረች። ሙከራው ራሱ የወለዳት ናት። ቁርጥራጩን ልክ አድርጎ ይቆርጣል፣ ያ ሰጋቱራ ማሽኗን በፀጉር ከፍ ያደርጋታል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው እንጨት ይበላሻል። የተበላሸው በመጠንቀቁ ነበር።

ቀድሞ እንዲህ አይገጥመውም ነበር። እሱ ሞክሮ ቀና ሲል፣ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ የያዘችው ሚስቱ ጎንበስ ብላ ማሽኗን «እፍ» ትላት ነበር። ትንፋሿን ነገሬ ብሎት አያውቅም። ከሥራው ደንብ አንዱ መሆኑንም ያወቀው አሁን ነው።

ራሱ እፍ አለ። ቆረጠ። ገጠመ።

እሁድ መጡ። ብየዳ ሠሪው ባዋሳቸው የብረት ኩርሲዎች ላይ፣ እንደ ክሊኒክ ወረፋ ጠባቂ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። መካከል ላይ ጠረጴዛው ቆሟል። ትንሿ ልጅ እጇን ጣል አደረገችበትና «አጎቴ፣ የኔ ነው?» አለች። እህቱ ጠረጴዛውን ዞረችው።

«መጋጠሚያውን እይው» አላት። «ጥፍር አይገባበትም።»

በጥፍሯ ሞከረች። «እውነትም አይገባም። እኛስ በየት በኩል እንግባ?»

ባሏ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ የእንጨቱን ቀለም አመስግኖ በላ። መካከለኛው ልጅ ሱሪው ላይ ወጥ ደፋ። ሻይ ሳይፈላ ተነሱ።

«ለሚቀጥለው እሁድስ?» አላት በሩ ላይ።

«እስቲ ይሁን፣ እንደዋወላለን» አለችው ጉንጩን ስማ። «ጠረጴዛው ሲሰፋ ጥራን።»

እንጨት እንደማይሰፋ ሊነግራት አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። «እሺ እትዬ» አላት።

ማምሻውን የተረፈውን አሙቆ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ተቀምጦ በላ። ጠረጴዛው ንቅንቅ አይልም። አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ችሏል። ሌላ ኩርሲ አምጥቶ ከወዲያ በኩል አስጠጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ኩርሲው በጠረጴዛው ሥር አልፎ ጉልበቱን ገፋው። እንደዚያው ተወው።