የእድሩ ድስት ክዳን

«እትዬ፣ ይኼን ይዘው መግባት አይችሉም» አለ የመስሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ።

«ለምን? ቦንብ ነው?»

«ክዳን ነው።»

«ክዳን መሆኑን ካወቅህ ምን ያስፈራሃል? ማስረጃዬ ነው። የጨረታ አቤቱታ አለኝ።»

ጥበቃው ትልቁን የብረት ክዳን ተቀብሎ ገለበጠው፤ በጣቱ ቢመታው ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ሄደ። ራሱ ደንግጦ መለሰላትና አሳለፋት። ወይዘሮ የብርጓል ክዳኑን በግራ ክንዷ አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች። ዛሬ ጠዋት ማድቤቷ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ስታየው፣ «ሚካኤል ነው የላከልኝ» ብላ በደስታ ልትዘፍን ነበር። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «የቅዱስ ሚካኤል እድር» ተብሎ ተጽፏል።

ነገሩ የጀመረው በክረምቱ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ መሬት ተንሸራትቶ ቤታቸው የፈረሰባቸው ገበሬዎች ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት ተጠለሉ። ይኸው የአደጋ መከላከል መስሪያ ቤትም የበሰለ ምግብ የሚያቀርብላቸው ድርጅት ፈልጎ ጨረታ አወጣ። አሸናፊዋ ደብሪቱ ሆነች፤ ተከታይዋ የብርጓል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምግብ ቤቶቻቸው ፊት ለፊት ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» የምትልበት ቅርበት ነው፣ ብትል ኖሮ።

የብርጓል በሌላ ሰው ብትሸነፍ ይህን ያህል አይከፋትም ነበር። የደብሪቱ ወጥ ቀጭን ነው፤ ይህን ደንበኞቿም ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ ተቆፍሮ ሰፈሩ ጭቃ ከሆነ ወዲህ ገበያ ጠፍቷል። ይህ ሥራ ካመለጣት እንደ ልጇ የምታያትን ምግብ አብሳይዋን መቅዲን ማሰናበቷ ነው። ስለዚህ ከሰሰች።

አጣሪ ቡድኑ አሸናፊ ከመለየቱ በፊት በየተወዳዳሪው ግቢ እየዞረ የማብሰያ ዕቃ አይቶ ነበር። ያን ዕለት የብርጓል በአጥሯ ላይ አሻግራ የደብሪቱን ግቢ ስታይ፣ በረድፍ የተደረደሩት ድስቶች የእድሩ ናቸው። ለለቅሶና ለሰርግ የተገዛ ድስት ለጨረታ!

የአቤቱታ ሰሚው ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ገዳሙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተቀበሏት። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ እንዳላማውም ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። በምስክርነት የጠራቻቸው የብርጓል ራሷ ናት።

«ወይዘሮ የብርጓል፣ አቤቱታዎን ያስረዱ።»

የብርጓል ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የሰብሳቢው ሻይ ከነብርጭቆው ዘለለ።

«ደብሪቱ ‹የራሴ ነው› ብላ ያሳየቻችሁ ድስት የእድራችን ነው። ይኸው ክዳኑ። ያንብቡት።»

አቶ ገዳሙ አነበቡና ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች ደብሪቱ ሳትንቀሳቀስ። «ድስቶቹ ሲመጡልኝ አንዱ ክዳን አልነበረውም፤ በትሪ ከድኜ ነው ያሳየኋችሁ። እኔም እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክዳኑ የት ተገኘ?»

«ማድቤት ውስጥ…» አለች የብርጓልና ቀሪውን ዋጠችው።

«የማን ማድቤት?»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ እንዳላማው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ድስቱ ሰኞ እዚች ግቢ ነበር፤ በማግስቱ እዚያች ግቢ ሄደ። ሁለቱም ‹ድግስ አለብኝ› አሉኝ። እኔም ካልጠሩኝ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

የቦርዱ አባላት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የብርጓል ፊቷ በርበሬ መሰለ። የሰው ሰርግ ስትደግስ ድስቶቹ ግቢዋ ውስጥ እያደሩ ዓመታት ስላለፉ፣ አጣሪዎቹ «ያለዎትን ያሳዩን» ሲሏት የሰው ዕቃ ያሳየች እንኳ አልመሰላትም ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ ከልቧ አፈረች።

አቶ ገዳሙ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አቤቱታዎ ከቀጠለ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ፤ ጨረታው እንደገና ይወጣል፣ እርስዎም እንደገና ይወዳደራሉ። አቤቱታውን ካነሡ ደግሞ፣ መመሪያው ተከራይቶ መሥራትን ስለማይከለክል፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ማስጠንቀቂያቸውን ተቀብለው በእድሩ የኪራይ ውል ይቀጥላሉ።»

«እኔ ግን» አሉ ጋሼ እንዳላማው፣ «ድስቱ የሁሉም መዋጮ ነው። አንደኛዋ እሺ ሳትል ለሌላኛዋ አልፈርምም።»

«እንደገና እስኪወጣ ድረስ ሰዎቹ ምን ይበላሉ?» ስትል ጠየቀች የብርጓል።

«እስካሁን የሚበሉትን። ብስኩት።»

የብርጓል የማብሰያ ቦታውን ለማየት ሮብ ገበያ የሄደች ዕለት ያገኘቻቸው ሽማግሌ ትዝ አሏት። ገበሬው ብስኩታቸውን በውኃ አርሰው ጨረሱና፣ «ተባረኩ፣ ጥሩ ነው። ምግቡ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው በትሕትና ጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ ስቃለች። አሁን ሳቁ አልመጣላትም። መቅዲንም አሰበች፤ ሽማግሌውንም አሰበች።

«አነሣለሁ፤ ጋሼም ይፈርሙላት» አለች። ፈርማ፣ ክዳኗን አንሥታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የደብሪቱ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ ድስቶቹ ይጫናሉ። የብርጓል ክዳኑን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«አንች፣ ክዳኑን አመጣሽልኝ?» አለች ደብሪቱ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሚ እስቲ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሽሮ ሠርቼ አላውቅም። መቅዲን ይዘሽ ነይና አብረን እንሥራ። የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን።»

«ዛሬ ነው የታየሽ?»

«ያሸነፍኩ ዕለት ነው የታየኝ። ልነግርሽ ስነሣ ከሰሽኝ!»

የብርጓል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ኩራቷ ገና አልበረደም።

«በይ ክዳኑን ስጪኝና አስቢበት» አለች ደብሪቱ፣ እጇን ዘርግታ።

«ላንች ነው ክዳን የምሰጠው? ድስት በትሪ ለምትከድን ሴት?»

ዞር ብላ በመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤቷ ተጣራች። «መቅዲ! በሩን ቆልፊና ሽሮውን ይዘሽ ነይ! የኛን ሽሮ!»

ከዚያም ቀሚሷን ሰብስባ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገባችና፣ ክዳኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለደብሪቱ ቦታ ለቀቀችላት።