የሐሙሱ አባት

"የሂካ እናት ነዎት?"

ደሪቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋ አንሶላ እያጠፈች ነበር። አትላስ ሰፈር በምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሲጀምሩ እንኳን የስልክ፣ የራስም ድምፅ አይሰማም። ወደ በሩ ጠጋ አለች።

"ነኝ። ምን ሆነብኝ?"

"አይደንግጡ፣ ደህና ነው። ሲስተር እንቁ እባላለሁ፣ ከወጣቶች ማዕከል ነው። አባቱ ሁለት ሐሙስ ሳይመጡ ቀሩብን፣ ስልካቸውም አይሠራም። ፎርሙ ላይ የእርስዎን ቁጥር አግኝቼ ነው። ደህና ናቸው?"

"የማን አባት?"

"የሂካ። አቶ ዳጪ።"

ዳጪ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ሳሊተ ምሕረት ሲቀበር አፈር ሲለብስ ቆማ ያየችው እሷ ናት፣ ተዝካሩንም ያወጣችው እሷው ናት። ተሳስተሻል ብላ ልትዘጋ ፈለገች። ግን ሂካ ዳጪ የሚባል ሌላ ልጅ፣ ያውም በእሷ ስልክ ቁጥር፣ ከየት ይመጣል?

"እናንተ ዘንድ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?"

ሲስተር እንቁ ነገሩ ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም፣ ድምፅዋ ዝግ አለ።

"ዛሬም ሐሙስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጡ በአካል ብናወራ ይሻላል።"

ደሪቱ ለአለቃዋ "ልጄ ታሞብኛል" ብላ ወጣች። ውሸት ይሁን እውነት ራሷም አላወቀችም። ማዕከሉ ወዳለበት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በእግሯ እየሄደች ነገሩን አገላበጠችው። ዳጪ ወንድም የለውም። መንፈስ ነው እንዳትል፣ መንፈስ ስልክ የለውም። ሂካ ደግሞ ሰሞኑን ከስቷል፣ ስትጠይቀው "ፈተና ነው" ይላታል። ግን ጨዋ ሆኗል፤ የበላበትን ሳህንና የጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ ያጥባል። ልጄ ሰው ሆነልኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

ማዕከሉ ከአንድ ፎቅ ጀርባ ያለ ጠባብ ግቢ ነው። ሲስተር እንቁ ወንበር ሰጠቻትና የመጡ ወላጆች የሚፈርሙበትን ወረቀት አሳየቻት። ዳጪ ጉዲሳ፣ ዳጪ ጉዲሳ፣ ዳጪ ጉዲሳ፤ በየሐሙሱ ተፈርሟል። ዳጪ በሕይወቱ ጣቱን ቀለም ነክሮ እንጂ በብዕር ፈርሞ አያውቅም።

"እዚህ የሚመጡት ልጆች የሱስ ክኒንና መርፌ የጀመሩ ናቸው" አለች ሲስተር እንቁ። "ብቻቸውን ሊተዉት አይችሉም። ስለዚህ አባት ወይ እናት ስምንት ሐሙስ አብሯቸው ይቀመጣል።"

"የምን መርፌ?"

ሲስተር እንቁ ሳትመልስ በሩ ተከፈተ። የጥበቃ ልብስ የለበሰ፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

"አቶ ዳጪ!" አለች ሲስተር እንቁ፣ ከልማድ የተነሳ። ወዲያው አፏን ያዘች።

ሰውዬው ደሪቱን አየ። ሂካ መልኩ ቁርጥ እናቱን ነውና ማንም ሳይነግረው አወቃት።

"ላጲሶ ነው ስሜ" አለ ቆሞ። "ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ጥበቃ ነኝ። ፈረቃ ቀይረውብኝ ነው ሁለት ሐሙስ የቀረሁት፣ ስልኬም ተበላሽቷል።"

"የባሌን ስም ማን ሰጠህ?"

"ልጅዎት።"

"ሰጠኝ ብለህ የሙት ስም ትወስዳለህ?"

"አልፈልግም ነበር" አለ ላጲሶ። "ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ አሉት። በምጠብቀው በር ላይ ቆሞ 'ጋሼ፣ ለአንድ ቀን አጎቴ ሁንልኝ' አለኝ። ተማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው ብዬ ሄድኩለት፣ ተቆጥቼም መለስኩት። ዘንድሮ ደግሞ ከምጠብቀው ፎቅ ጀርባ ክኒን ውጦ ወድቆ አገኘሁት። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ መርፌ እንደተወጉም ያኔ ነገረኝ። እዚህ አመጣሁት። አባት ወይ እናት ይምጣ ሲሉ ያው አባቱ እኔው ሆንኩ። አንድ ቀን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ስምንት ሐሙስ ነው።"

"እኔስ? እኔም ሞቻለሁ?"

ላጲሶ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

"ለእናትህ ንገራት ብዬው ነበር። 'ዘውዲን ያደረገቻትን ታደርገኛለች' አለኝ።"

ደሪቱ ፊቷ ጋለ። ዘውዲ ተከራይዋ ነበረች። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ እንዳለ የሰማች ቀን ደሪቱ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረቻትም፤ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ብቻ ቂጡን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው። ከቤቱ ብርጭቆ ጋር እንዳይቀላቀል ብላ ነው። ዘውዲ በወሩ ለቀቀች። ደሪቱ ማንም ያላየ መስሏት ነበር፣ ልጇ ግን አይቷል። በራሷ አፈረች።

"ደሙን ተመርምሯል?" አለች በመጨረሻ።

"ተመርምሯል" አለች ሲስተር እንቁ።

"ምን አለ?"

"እኔ መናገር አልችልም። ራሱ ነው የሚነግርዎት።"

"እናቱ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ። ምንም ቢሆን መድኃኒቱ አለ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ይኖራል። የሚከብደው ቤት ውስጥ መናገሩ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጆችና ወላጆች እየገቡ ወንበሮቹ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ሂካ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ሲደርስ እናቱን አየና እዚያው ቆመ።

"እማ... ማን ጠራሽ?"

ደሪቱ ልትመታው ይሁን ልታቅፈው ሳታውቅ ተነሳች፣ መልሳም ተቀመጠች። ላጲሶ ቦታውን ለእሷ ትቶ ሊወጣ ብድግ አለ።

"ይቀመጡ፣ ጋሽ ላጲሶ" አለችው። "አሁን የት ይሄዳሉ?"

ሂካ በሁለቱ መሀል ተቀመጠ። አንድ ሰውዬ ስለ ሴት ልጁ መናገር ጀመረ፣ ደሪቱ ግን አልሰማችውም። አንዴ በልጇ እጅ ላይ ምልክት ትፈልጋለች፣ አንዴ ፊቱ ላይ። ጤነኛ ይመስላታል፤ ደግሞ የታመመ ይመስላታል። ሂካ ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን ከሌሎቹ ብርጭቆዎች አርቆ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ለብቻው አስቀመጠው።

ያን ጊዜ ቤት የሚያጥበው ሳህን ትዝ አላት። ጨዋ ስለሆነ አልነበረም። ግን ስለታመመ ነው? ወይስ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ እናቱን ብቻ ፈርቶ? ጎንበስ ብላ በጆሮው ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። ሂካ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት።

አልጠየቀችውም። እጇን ዘርግታ ጥግ ያለውን ብርጭቆ አነሳችና የቀረውን ሻይ ጨለጠችው።

"እማ፣ የእኔ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ" አለች። "ስኳር ታበዛለህ።"

ከማንቆርቆሪያው ሌላ ሻይ በዚያው ብርጭቆ ቀዳችና በሁለታቸው መሀል አስቀመጠችው።