የኦስቦርን ጣት

ቬሮና የመጨረሻውን ገጀራ በአንሶላ ጠቅልላ አልጋው ሥር ስትገፋ ጎረቤቷ ሚስ አይሲልዳ በሩን ከፍታ ገባች።

"ምን እያረግሽ ነው አንቺ?"

"በሩን ዝጊው።"

"ሰው ደጅ ላይ ዓሣው አልቋል፣ ቡናው ቀዝቅዟል እያለ ነው፤ አንቺ እዚህ መሬት ለመሬት ትንፏቀቂያለሽ።"

"ልጄ የአጎቱን ደም ካፈሰሰ ቡናውን ማን ይጠጣዋል?"

አይሲልዳ ጥቅሉን አየችው፤ አልሳቀችም። በዚያ መንደር ሰው በለበሰው ሸሚዝ ቀለም ሲወጋ በዓይኗ አይታለች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና "በጓሮ ያለውንስ አነሳሽው?" አለች።

"አንስቻለሁ።"

የቬሮና ባል ኦስቦርን ከሞተ ወዲህ በየምሽቱ ግቢው በሰው ይሞላል። በዚህ የጃማይካ ጥግ ወጉ ነው፤ እስከ ዘጠነኛው ሌሊት ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ይዘመራል፣ ዶሚኖ ይደበደባል፣ አረቄ ይጠጣል። ዘጠነኛው ሌሊት ሲነጋ ደግሞ የሟቹ አልጋ ቦታ ይቀየራል፤ መንፈሱ ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉን ሳያውቀው መንገዱን እንዲቀጥል። ቀብሩም በዚያው ቀን ይሆናል። አልጋውን የሚያነሳው የሥጋ ዘመድ ነው። ባዳ ከነካው ሟቹ እዚያው ይቀራል ይባላል። ለኦስቦርን ደግሞ አልጋ የሚያነሳለት የቅርብ ሥጋ ሁለት ብቻ ነው፤ ልጁ ዴልቪንና ወንድሙ ኤገርተን። ዴልቪን አጎቱ ከአጥሩ ወዲህ ከገባ እግሩን እንደሚሰብረው ሰው ፊት ምሏል።

ቬሮና ቡናውን ይዛ ወጣች። የብርቱካናማው ፓርቲ የመንደር አለቃ ላንስሎት፣ ፓርቲው ባዋሰው ድንኳን ሥር፣ ፓርቲው በዘረጋው መብራት፣ የዶሚኖውን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አጮኸው።

"ስኳር ፋብሪካውን ማን ዘጋው? አረንጓዴዎቹ።"

"መጀመሪያ ማን አከሰረው በል" አሉ ሽማግሌው ፊትዝሮይ ቀና ሳይሉ። "ማሽኑ ዝጎ የቆመው እናንተ በያዛችሁበት ጊዜ ነው። እነሱ የደረሱት ለቀብሩ ነው።"

"እርስዎ ደግሞ የማን ወገን ነዎት?"

"የሾርባው። ማንም ለምርጫ ሲመጣ ፍየል ያርዳል፤ ጭንቅላቱን ለእኛ፣ ሥጋውን ለራሱ። ይልቅ ድንጋይህን ጣል።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዴልቪን አልሳቀም። የአባቱን ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

"አባቴን የገደለው የመድኃኒት ዋጋ ነው" አለ። "ዋጋውን የሰቀሉት እነሱ ናቸው። እነሱን የመረጠ ሁሉ ገዳይ ነው።"

ቬሮና ስኒዎቹን ማደል ቀጠለች። ኦስቦርን የደም ግፊት ክኒኑን በቢላዋ ለሁለት ሲከፍል አይታለች። ቆይቶም ግማሹን እንደገና ሲከፍል አይታለች። "አሞኝ አይደለም፣ ቁጠባ ነው" ይላት ነበር። ብትለምነው አልሰማም፤ እሷም በየሌሊቱ ትንፋሹን እያዳመጠች ታነጋ ጀመር። እንደፈራችው ሆነ።

መዝሙር አውጪዋ አንዱን ስንኝ አነበበች፤ ሕዝቡ ተቀበላት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ከታች ሆኖ ዜማውን ያዘው። ኤገርተን ነው። በየምሽቱ ይመጣል፤ አረንጓዴ ቆቡን በእጁ ይዞ እዚያው ቆሞ ይዘምራል፣ አይገባም።

ወንድማማቾቹ ፋብሪካው ውስጥ ስኳር የሚፈላበት ክፍል አብረው ነበር የሚሠሩት። አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ አረንጓዴ። ከአንድ ሳህን እየበሉ በፓርቲዎቻቸው አለቆች ይሰዳደባሉ፤ "የአንተ ሌባ" "የአንተ ሌባ" እየተባባሉ ቤት ይደርሳሉ። ደመወዝ ሳለ ክርክሩ ጨዋታ ነበር፤ ደመወዙ ሲቀር ክርክሩ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ኤገርተን "ልጆቼን ያስራብክብኝ አንተ ነህ፤ እነዚያን ሰዎች ትከሻህ ላይ ተሸክመህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ" አለው። ኦስቦርን በጥፊ መታው። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ዘጠነኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ላንስሎት የታጠፈ ባንዲራ አመጣ።

"ዛሬ የሬሳ ሳጥኑ ይሄን ይለብሳል" አለ ዴልቪንን ትከሻውን ይዞ። "አባትህ ሲሞት ምርጫው ገና ሳምንቱ ነበር። የድምፅ መስጫው ቀለም ከጣቱ ሳይለቅ ነው የሞተው። ጓድ ማለት እሱ ነው።"

"አይቼዋለሁ" አለ ዴልቪን። "ጣቱን ስሜዋለሁ።"

በዚህ መሃል የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ። ኤገርተን ገባ። ዜማው ተቋረጠ። ዴልቪን ወደ ቤቱ ጥግ ሮጦ እጁን ከበሩ ኋላ ሰደደ።

"ገጀራው የታለ? እማ፣ ገጀራውን ማን ወሰደው?"

መልስ አልጠበቀም። ከምድጃው ሥር አንድ ፍልጥ መዝዞ ወጣ። ኤገርተን ከቆመበት አልተነቃነቀም። "አልጋውን ላነሳ ነው የመጣሁት። ከዚያ እሄዳለሁ" አለ።

ቬሮና ወደ ማጠቢያው ጓዳ ገባች። ይህን ነገር ከተናገረች ምን እንደሚከተል በየሌሊቱ አስባዋለች፤ የሚከተለው ሁሉ ክፉ ነው። ዝም ካለች ግን ፍልጡ ያርፋል። ነጭ ልብስ የምታደምቅበትን ሰማያዊ ቀለም ከነጣሳው ይዛ ወጣችና በልጇና በአጎቱ መካከል ቆመች።

"የሳምከው ጣት ይኸውልህ" አለች።

"ምንድነው እሱ?"

"አባትህ አልመረጠም። ሸሚዙን ለብሶ ወጣ፣ ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። 'ጓዶቹ ያዩብኛል' ብሎ ይሄን አስበጠበጠኝ። በውኃ ስለሚለቅ በየጠዋቱ ይነክረው ነበር። የሞተ ዕለት ሳገኘው ጣቱ እርጥብ ነበር።"

"ትዋሻለሽ።"

"የምርጫው ሰልፍ ላይ ከፊቱ አጎትህ ቆሞ ነበር። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በሲባጎ አስሮታል። አባትህ የራሱን ወገብ አየ፤ እሱም በሲባጎ ነው የታሰረው። 'እዚያ ገብቼ ማንን ልክሰስ፣ ቬሮና?' አለኝ። 'ሃያ ዓመት ወንድሜን ስከስ ኖሬ በሁለታችን ላይ የቀረው ሲባጎ ነው' አለኝ። ሄዶ ሊታረቀው ነበር። እሑድ፣ እሑድ ሲል ሞት ቀደመው።"

ኤገርተን ቆቡን በሁለት እጁ ጨመቀው። ዴልቪን እናቱን አላያትም፤ የሚያየው ጣሳውን ነበር።

ላንስሎት ተነሣ። አልተቆጣም፤ ይህ ነው ቬሮናን ያስፈራት። ባንዲራውን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ለሰዎቹ "ፍቱት" አላቸው። "ድንኳኑ የመጣው ለጓድ ነበር።"

መብራቱ ጠፋ። ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ሰው የዶሚኖ ወንበሩን እየተወ ወጣ፤ ፊትዝሮይ ብቻ ሾርባቸውን ይዘው ቀሩ። ነገ ከዚህ ቤት ሥራ የሚፈልግ፣ የመንገድ ጠረጋ እንኳ የሚለምን፣ ስሙ ከየትኛውም ወገን እንደማይጠራ ቬሮና ታውቃለች። ልጇን አየችው። ፍልጡ አሁንም እጁ ላይ ነው።

ኤገርተን ገብቶ የአልጋውን ራስጌ ያዘ። ቬሮና፣ ወጉ ባይፈቅድላትም፣ ግርጌውን ልታነሳ ጎነበሰች፤ ከባዱ የማሆጋኒ እንጨት አልተነቃነቀም። ደግማ ሞከረች። ትንፋሿ ተቆራረጠ።

ዴልቪን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፍልጡን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣና፣ አጎቱን ቀና ብሎ ሳያይ፣ እናቱን በክንዱ ገፋ አድርጎ ግርጌውን ያዘ። አነሡት። አልጋው ወደ መስኮቱ ሲዞር የአንሶላው ጥቅል ሜዳ ላይ ቀረ። ጫፉ ተገልጦ የገጀራዎቹ ስለት ይታያል።

ዴልቪን ጥቅሉን አየ። እናቱን አየ።

"ከእኔ ነው የደበቅሽው?"

ኤገርተን "የመቃብሩ ቦታ ገና ሐረጉ አልተመነጠረም፤ ፀሐይ ሳይበረታ" ብሎ ጀመረና ተወው።

ዴልቪን ጎንበስ ብሎ አንሶላውን ፈታ፤ የአባቱን ገጀራ መዘዘ። ቬሮና ዓይኗን ጨፈነች። ብረቱ ከብረት ሲፋቅ ሰማች፤ ከዚያ ምንም አልሰማችም። ዓይኗን ስትገልጥ ልጇ ስለቱን በራሱ መዳፍ ይዞታል፤ እጀታው ወደ ኤገርተን ዞሯል።