የድራይ ፎርክ ብቸኛ ዲሞክራት

የድራይ ፎርክ መንደር ነፋስ በአሜሪካዋ ነብራስካ ለሚነፍሰው ነፋስ ሁሉ አባት ነው። አንድ ጊዜ የአንዱን ከብት አርቢ ባርኔጣ ነጥቆ ጎረቤት ካውንቲ ድረስ ወሰደውና ባርኔጣው እዚያው ለመራጭነት ተመዘገበ። የተመዘገበውም በሪፐብሊካንነት ነው፤ ከድራይ ፎርክ የወጣ ባርኔጣ ሌላ ምን ሊሆን? አገሩ እንዲያ ነው። የሪፐብሊካኖቹ ምርጫ አስፈጻሚ ሌላንድ በበረቱ ጣሪያ ላይ ያሳለውን የፓርቲውን ምልክት ዝሆን አይቶ የደነበረ ፈረስ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል በዲሞክራትነት የተመዘገቡት ወይዘሮ አይዳቤል ክሬይቺ ብቻ ነበሩ። ሕጉ ደግሞ ከሁለቱም ፓርቲ አስፈጻሚ ካልተቀመጠ ምርጫ ጣቢያ አይከፈትም ይላል። ስለዚህ አሮጊቷ ለሃያ ዓመት ያህል ከሌላንድ ጎን ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ መራጭ ሲያስተናግዱ ኖሩ። ማታ ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ለዲሞክራቱ ዕጩ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ አለ። «አይዳቤል ዘንድሮም አሉ ማለት ነው» ተብሎ ይሳቃል፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ክራቸውን ይጠቀልላሉ። በረዶ በጣለ ቁጥር ደጃቸውን የሚጠርግላቸው ሌላንድ ነበር፣ ያውም ከራሱ ደጅ አስቀድሞ። ለወንድሙ እንኳ ገመድ የማያውስ ሰው ነውና፣ «ሊያገባቸው አስቦ ነው» እየተባለ ይታማ ነበር።

በጸደይ ወይዘሮ አይዳቤል ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት ተደወለ። ምትክ ዲሞክራት ካልተገኘ ጣቢያው ይዘጋል፤ ሰዉም ከተማ ድረስ ነድቶ ይመርጣል ተባለ። ስልኩን ያነሣው የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ዴልበርት ነው። ድራይ ፎርክ ጎረቤት ከጎረቤት በመነጽር እንኳ የማይተያይበት አገር ነው። የምርጫ ዕለት ግን ሁሉም አዳራሹ ይመጣል፣ የቦሎቄ ወጥ በቀረፋ ዳቦ ይበላል፣ ይተማማል። ለዴልበርት ደግሞ ያጠራቀመውን ወሬ፣ ተሰልፎ መሸሽ ለማይችል ሰው የሚያወራበት ብቸኛ ቀን ነው። ያ ቀን ከተወሰደበት ምን ቀረው?

ማንን ልለምን ብሎ ሚስቱን ሮዌናን ቢያማክራት፣ «አንተው አለህ። ቁልፉም ያንተ፣ ወሬውም ያንተ» አለችው።

ዴልበርት እህል ውኃ አላሰኘው አለ። በመጨረሻ ሪፐብሊካን ሆኖ ኖሮ የሞተውን የአያቱን ፎቶግራፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ሄዶ ፓርቲውን ቀየረ።

ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ፌዝ ግመል አይሸከመውም። መኖ ሻጩ ቨርጂል፣ ዶሮዎችህም አብረውህ ተመዘገቡ ወይ ብሎ ጠየቀው። የዲሞክራቶቹ ምልክት አህያ ነውና፣ አንድ ማለዳ በሩ ላይ አህያ ታስራ አገኘ፤ አንገቷ ላይ «ዘመድህ ነኝ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ዴልበርት ለሁሉም፣ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ እጄ እንደሆነች የአያቴ እጅ ናት እያለ መለሰ። ያልሳቀበት ሌላንድ ብቻ ነበር።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ጣቢያው ተከፈተ፣ ወጡ ተበላ፣ ዴልበርትም ስላጠመደው ዓሣ ሲያወራ ዋለ፤ ጠዋት ክንድ ያህል የነበረው ዓሣ ወደ ማታ ጀልባውን በለጠ። ድምፁንም እንደ አያቱ ለሪፐብሊካኑ ሰጠ። ቆጠራው ሲያልቅ ሌላንድ ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፈና ሰዉ ተንጋግቶ አየ።

ለዲሞክራቱ፣ አንድ።

«አየ ዴልበርት» አለ ቨርጂል፣ «ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያልከው እውነትህን ነው። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዴልበርት በአያቱ አጽም ሊምል አፉን ከፈተ። እሱ አልሰጠም። አይዳቤል አፈር ውስጥ ናቸው። ታዲያ ይቺ የማን ናት? ዞር ሲል ሌላንድን አየው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ አቀርቅሮ ባዶ ሳህን በማንኪያ ይፍቃል፤ ጆሮው ከብት እንደሚተኮስበት ብረት ቀልቷል።

ያን ጊዜ ዴልበርት በረዶው ትዝ አለው። አሮጊቷ ለማን ድምፅ ይሰጡ እንደነበር እንጃ፤ ያቺ አንዷ ግን የሌላንድ እንጂ የሳቸው አልነበረችም። የሰው ሸክም ተሸክመው፣ በሰው ፈንታ ተስቆባቸው ኖረዋል። አሁን እሱ «እኔ አይደለሁም» ካለ፣ ሰዉ እርስ በርሱ እየተጠራጠረ ቤት ለቤት ይፈታተሻል፤ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ቢከፈትስ ምን ዋጋ አለው?

«አዎ፣ የኔ ናት» አለ። «ሁለት ላደርጋት ነበር፣ ሕጉ ነው የያዘኝ። አያቴ ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ እንኳ በዚህችው እጄ ነው የምጨብጠው።»

ሮዌና ባሏ ሲዋሽ ታውቃለች፤ በትዳሯ ሌላ ነገር ሰምታ አታውቅም። ትክ ብላ አየችውና የመጨረሻዋን የቀረፋ ዳቦ ከፊቱ አኖረችለት።

ብዙም ሳይቆይ በረዶ ጣለ፤ አጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም ዋጠው። ዴልበርት ማለዳ አካፋውን ይዞ ሲወጣ ደጁ ተጠርጎ አገኘው፣ አውሮፕላን እስኪያሳርፍ ድረስ። የሌላንድ ትራክተር በሩ ላይ እየዞረ ነው። ሌላንድ አልወረደም፤ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አነሣ። ዴልበርትም አንድ ጣቱን አነሣለት። የሚወራ ነገር አፉ ላይ እያለ ዝም ሲል በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ትራክተሩም የባለቤቱን ደጅ ሊጠርግ፣ ዝሆኑ ወደተሳለበት በረት አቀና።