በገሳይ መንገድ የተከፈተው መስኮት

ፈንታነሽ ገሳይ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ የምትኖረው ግን ደብረ ታቦር ነው። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው። ከባሏ ከዓለምነው ጋር ልጆች አሳድገው ዩኒቨርሲቲ ልከዋል። ደብረ ታቦር ላይ ሰው በኅዳር ጧት ከቤት የሚወጣው ጋቢ ደርቦ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ነው። በዚያ ኅዳር ግን ፈንታነሽ ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ ጥላ፣ ግንባሯን በመሐረብ እየጠረገች ወደ መናኸሪያ ትሄድ ጀመር። ያያት ሁሉ ከሰው ተጣልታ የወጣች መሰለው።

የወር አበባዋ መቅረት ጀምሮ ስለነበር መጀመሪያ የጠረጠረችው እርግዝና ነው። ለዓለምነው ስትነግረው ጥቂት አሰበና ጓዳ ገብቶ የልጆቹን የድሮ አልጋ አወጣ። እግሩ ተናግቶ ነበርና በምስማር መታው። ወዲያው ስም ማሰብ ጀመረ። ምርመራው እርግዝና የለም ሲል አልጋውን ለጎረቤት ሰጠና "የእግዜር ፈቃድ ነው" አለ። ያሰበውን ስም ግን ለማንም አልነገረም።

ቀጥሎ ወባ ተመረመረች።

"ወደ ቆላ ወርደው ነበር?" አላት የላቦራቶሪው ልጅ።

"አልወረድኩም።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው?"

"እሱን እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት።"

ወባም የለም። እንቅልፏ ግን ጠፋ። እሷ ብርድ ልብሱን ስትገፋ ዓለምነው ሲጎትት ይነጋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እያስተማረች "ላዕል" የሚለው ቃል ጠፋባት። ሰሌዳው ፊት ቆማ "ያ... ከላይ ያለው" አለች። ተማሪዎቹ "ላዕል!" አሉ በአንድ ድምፅ። አመሰገነቻቸውና ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህራን ክፍል ገብታ አለቀሰች። ምን ሆንሽ ሲሏት ምክንያቱን እሷም ስለማታውቀው ጠመኔ ዓይኔ ገባ አለች።

አንድ ሰኞ ጧት፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ከመናኸሪያ እንደወጣ ያ ሙቀት መጣባት። ከደረቷ ተነሥቶ በአንገቷ በኩል ፊቷ ላይ ወጣ። መስኮቱን ከፈተችው።

ከኋላዋ አያ ይሻው የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። "ልጄ፣ ዝጊው፤ ብርድ ገባ" አሉ።

ዘጋችው። ትንሽ እንደሄዱ መልሳ ከፈተችው።

"ልጄ!"

"ይቅርታ አባቴ፤ ሞቆኝ ነው።"

"በዚህ ውርጭ?"

ሌላውም ሰው ተነሣባት። አንዷ ሕፃን ታቅፌያለሁ አለች። አንዱ ሳንባ ምች ይዞት እንደነበር ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳ። ሾፌሩ "መስኮት ይዘጋ!" አለ። ፈንታነሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለሚያወሩ ተማሪዎች የምታወጣው ድምፅ አላት። ሳታስበው እሱ ወጣ።

"አልታመምኩም! አላበድኩምም! እያረጥኩ ነው!"

ቃሉን ለራሷም ተናግራው አታውቅም ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ሊቀንስ እጁን ዘረጋ፤ ሬዲዮው ግን ከመጀመሪያውም አልተከፈተም።

አጠገቧ የተቀመጠችው ገሳይ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ራቢያ ናት፤ ሃምሳን ያለፈች ሴት። ብዙ ጊዜ አብረው ተሳፍረው ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

"እኔን ዓመታት ነው የያዘኝ" አለች ራቢያ፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ሁሉ። "ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ በጓሮ በር ወጥቼ ግድግዳ ላይ እለጠፍ ነበር። ግድግዳው ይቀዘቅዛላ።"

"ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም።"

"ማን ይነግርሻል? እናቶቻችን ዝም አሉ። እኔም ለገዛ እህቴ አልነገርኳትም። ወላሂ አፍሬ ነው።"

ከኋላ አያ ይሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይኼ ሙቀት የሚሉት ነገር... ክረምትም ይመጣል?"

"ክረምት በጋ አይልም፣ አባቴ" አለች ራቢያ።

"ባለቤቴ በሐምሌ ከእሳት ዳር ተነሥታ ደጅ ትቀመጥ ነበር። ዝናብ እየወረደ። ያኮረፈችኝ መስሎኝ ሽማግሌ ላክሁባት።"

"ባለቤትዎስ ምን አሉ?"

"ታረቀች።" ትንሽ አሰቡ። "በምን እንደተጣላን ግን ሁለታችንም አናውቅም።"

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

"አሁን ደኅና ናቸው?" አለች ፈንታነሽ።

"ዐርፋለች። ባውቅ ኖሮ አብሬያት እቀመጥ ነበር።" ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናነቡ። "ክፈቺው፣ ልጄ።"

መስኮቱ እስከ ገሳይ ተከፍቶ ሄደ። ሳንባ ምች ይዞት የነበረው ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሳለ።

በዚያው ሳምንት ራቢያ "ብቻሽን አትሂጂ" ብላ ጤና ጣቢያ አብራት ሄደች። አዋላጅ ነርሷ ትዕግሥት ሳትቸኩል አስረዳቻት። "በሽታ አይደለም። የወር አበባው አንዴ ይቀራል፣ አንዴ ይበዛል፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ደም ከልክ በላይ ከፈሰሰዎት፣ ወይም ዓመት ሙሉ ቀርቶ ከተመለሰ ግን ቶሎ ይምጡ። ሙቀቱና የእንቅልፉ ነገር ከበረታብዎትም ሕክምና አለው፤ ቻይው የሚልዎትን አይስሙ።"

"የመርሳቱስ ነገር? ላዕል የሚለውን ቃል እንኳ ረስቼ ነበር።"

"ላዕል ምንድን ነው?" አለች ትዕግሥት።

ፈንታነሽ ከተነገራት ሁሉ በዚህ ይበልጥ ተጽናናች።

ቤት ገብታ ለዓለምነው ነገረችው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ብርድ ልብሱን መልሰህ አታልብሰኝ።"

"እሺ። ሌላስ?"

"ሳለቅስ ምን አደረግሁሽ አትበለኝ።"

"ምን ልበል?"

"ምንም። አጠገቤ ተቀመጥ።"

ዝም ብሎ መቀመጥ ዓለምነው የሚያውቅበት ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ላይ ለእሱ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለእሷ ስስ ነጠላ ጎን ለጎን ይነጠፋል። እሑድ ጎረቤታቸው አልማዝ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በተከፈተው በር አልጋውን አየች።

"ተጣላችሁ እንዴ?"

"አልተጣላንም" አለ ዓለምነው። "እያረጠች ነው።" አዲስ የተማረው ቃል ስለሆነ ጮክ ብሎ ነው ያለው።

አልማዝ ወንፊቱን ተቀበለች፤ ግን አልሄደችም። በሩን ዘወር ብላ አየችና ዱካ ስባ ተቀመጠች።

"ፈንትዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። እሱ ግን ይውጣልን።"