ቅዳሜ የጮኸው ሳይረን

ጋሼ ግርማቸው ልጃቸው ስመኝ ዘንድ ኮሎምበስ ከተማ ከመጡ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ስመኝ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ ባሏ ዮፍታሔ ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ይውላል። ሁለቱም ቅዳሜ ኦቨርታይም ስለሚገቡ የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ናርዲ ቅዳሜ የአያቷ ናት። ምሳቸውን በልተው፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ተነስተው፣ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደው ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። ወንዙ አለም ክሪክ ይባላል። ጋሼ ግርማቸው ስሙን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት፣ «ዓለም እዚህ ወንዝ ሆና ትፈሳለች እንዴ?» ብለው ስቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ «ዓለም ወንዝ» እያለ ይጠራዋል።

ወንዝ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዋሽ ዳር የውሃ ከፍታ እየለኩ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ጉባኤ መካከል ቆመው ከሚጸልዩት ይልቅ ዛፍ ሥር ብቻቸውን የሚጸልዩት ይሆንላቸዋል። ናርዲንም የሚያስተምሯት እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ የቅጠሉን ዓይነት፣ የወፉን ድምፅ፣ በመካከሉም የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል። ከሁሉ አብዝተው የሚያስጠኗት «አትፍራ» የሚለውን ነበር። በደርግ ጊዜ ጴንጤ ናቸው ተብለው አራት ዓመት ታስረዋልና፣ በአማርኛው ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው ሁሉ ጋሼ ግርማቸው ፍርሃት አያውቁም ይላል። እሳቸውም ይህን አንድ ቀን አስተባብለው አያውቁም።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በዚህ ከተማ ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ይነፋል። ጋሼ ግርማቸው ታስረው በነበሩበት ግቢ ሳይረን ሲነፋ ስም ይጠራ ነበር፤ የተጠራም አይመለስም። ኮሎምበስ ገብተው መጀመሪያ ሲሰሙት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩና፣ ወደ ራሳቸው ሲመለሱ አልጋ ሥር ተጋድመው ነበር። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መታጠቢያ ቤት ይገቡና በሩን ቆልፈው ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ይከፍቱታል። ስመኝ የውሃው ሂሳብ ለምን እንደጨመረ ስትጠይቅ ወሬ አስቀየሩ። የሰባ ዓመት ሰው፣ የጌታ ምስክር የተባለ ሰው፣ ቧንቧ ከፍቶ ይደበቃል ብለው ለማን ይናገሩ?

ያ ቅዳሜ በ1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በግንቦት መጨረሻ ገደማ ነበር። ከጧት ጀምሮ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ቅጠል አይነቃነቅም። ናርዲ ግንድ ላይ የተሰጣ ኤሊ አየችና በሆዷ ተኝታ ትመለከተው ጀመር። ጋሼ ግርማቸው ግን ዓይናቸው ምዕራብ ላይ ነበር። ሰማዩ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ደግሞ አይተውት የማያውቁት አረንጓዴ ቀለም፣ የበለዘ ቁስል የሚመስል፣ ከሥሩ እየሰፋ መጣ። ወፎቹ ዝም ካሉ ቆይተዋል። ልባቸው ተነስ፣ ልጅቷን ይዘህ ሂድ አላቸው። ነገር ግን ናርዲ ለምን ብትላቸው ፈራሁ ሊሏት ነው፤ አፍረው ተቀመጡ። ኤሊውን ትንሽ ትየው ብለው አሥር ደቂቃ አሳለፉ። በኋላ ራሳቸውን ይቅር ማለት ያቃታቸው ስለዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

ሳይረኑ ያን ጊዜ ጮኸ።

ጋሼ ግርማቸው ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጫኑ። ከተቀመጡበት አልተነሱም። ዛሬ ረቡዕ ነው ብለው ራሳቸውን ሊያታልሉ ሞከሩ። ወንዙ ዳር ካለው ፓርክ ማዶ ውሻ ያስከተለ አንድ ሰው እየሮጠ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲፈተለክ አዩት። ሌላ ሰው አልነበረም።

ናርዲ ከሣሩ ላይ ብድግ ብላ እጃቸውን ያዘች። «አባባ፣ ዛሬ ሳተርደይ ነው። ቴስት አይደለም። ሪል ነው።»

ያነሳቻቸው እሷ ናት። ቤት ሩቅ ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማሯቸውን ነገረቻቸው፦ ቤት ከሌለ ዝቅ ያለ ቦታ ተገብቶ ጭንቅላት በእጅ ይሸፈናል። ከፊታቸው ወደ ወንዙ የሚገባ ትንሽ ጅረት ነበር፤ በላዩም ላይ የእግረኛ መንገድ የሚያልፍበት አጭር የሲሚንቶ ድልድይ አለ። እየጎተተች እዚያ ሥር አስገባቻቸው። ጅረቱ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም ነበር። ከዳር ባለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ተጠጋግተው ቁጢጥ አሉ።

ወዲያው ነፋሱ መጣ። በረዶው የድልድዩን ጀርባ ሲደበድብ አንዱ የሌላውን ድምፅ መስማት አቃታቸው። ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ የሆነ ቆርቆሮ መሬት ለመሬት ሲጎተት ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሳይረኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ናርዲ አፏን ጆሯቸው ላይ ገጥማ፣ «አባባ፣ ጸልይ» አለቻቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እስር ቤት ለሌላው ሁሉ የጸለዩት ሰው፣ የስንት ዘመን ጸሎታቸው ጠፋባቸው። በልባቸው የሚመላለሰው የእግዚአብሔር ቃል አልነበረም፤ ያ የእስር ቤቱ ስም ጠሪ ነበር። «ግርማቸው» ብሎ የሚጠራቸው ይመስላቸው ነበር።

ልጅቷ ፊታቸውን አየች። «ፈርተሃል እንዴ?»

የእግዚአብሔር ልጅ አይፈራም የሚለው መልስ በአፋቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲሉት ኖረዋል። የልጅቷን ዓይን ሲያዩ ግን ሊሉት አልቻሉም። «አዎ ናርዲዬ፣ ፈርቻለሁ» አሏት።

«ሚ ቱ፤ እኔም» አለችና ክንዳቸው ውስጥ ሽጉጥ አለች።

ይህን ካሉ በኋላ ፍርሃቱ አልሄደም፤ ጆሯቸው ግን ተከፈተ። ሳይረኑንና ነፋሱን አልፈው ሌላ ነገር ሰሙ፤ ከላይ በኩል፣ ከጅረቱ፣ ወፈር ያለ፣ ጥርስ የሚያፋጭ የመሰለ ድምፅ። ዝቅ ብለው ውሃውን ተመለከቱ። ቀለሙ ጭቃ ሆኗል። አረፋና ጭራሮ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስም እያዞረ ይዞ ያልፋል። አዋሽ ዳር ደራሽ ውሃ ሲመጣ በፊት የሚልከው ይህንኑ ነው። አንድ ቀጭን እንጨት አንስተው ውሃው ጠርዝ ላይ ጭቃው ውስጥ ሰኩና መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ስድስት ሲደርሱ እንጨቱ ሰጠመ።

ከላይ ነፋስ፣ ከታች ውሃ። ናርዲ ልትወጣ አልፈለገችም፤ ቲቸር ከመጠለያ አትውጡ ብላናለች እያለች ድንጋዩን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ውሃው ጫማዋን ነካው። ጋሼ ግርማቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«ስሚኝ ናርዲዬ። ነፋሱ ሊስተን ይችላል። ውሃው ግን አይስተንም።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁና አቀፏት። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር፤ እግራቸው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ከድልድዩ ሥር ሲወጡ በረዶው ራሳቸውን እንደ ጠጠር ወገረው። ዳገቱን በእጃቸውም በጉልበታቸውም ቧጠጡት። ላይ ሲደርሱ ከብዙ ጊዜ በፊት የተነቀለ ትልቅ ዛፍ ሥሩ የነበረበት ጉድጓድ አገኙ፤ ልጅቷን እዚያ ውስጥ አስተኟትና ከላይዋ ተደፉባት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከአጠገባቸው አንድ ዛፍ ሲሰነጠቅ ሰሙ፤ ወዴት እንደሚወድቅ አያውቁም። ያን ጊዜም አልጸለዩም። የልጅቷን ትንፋሽ ነበር የሚቆጥሩት። አንድ፣ ሁለት፣ በሕይወት አለች። ሦስት፣ አለች።

ዛፉ ወዲያ ማዶ ወደቀ። ነፋሱ እየራቀ፣ በረዶው ዝናብ ብቻ እየሆነ መጣ። ቀና ሲሉ ከድልድዩ ሥር ቀዳዳ የሚባል አልነበረም፤ ቡናማ ውሃ እስከ ጣሪያው ሞልቶት፣ የሰው ወገብ የሚያክል ግንድ አፉ ላይ ተሰንቅሮ ይንቀጠቀጣል። ናርዲ እንዳታይ ፊቷን ደረታቸው ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ እጇን ይዘው ወደ ቤት አቀኑ።

ስመኝን ያገኟት ኔልሰን ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ቀድማ እንድትወጣ ፈቅዳላት በመኪና እየበረረች ቤት ስትደርስ ባዶ ሆኖባት፣ ወደ ወንዙ ስትነዳ መኪናው በወደቀ ዛፍ ምክንያት ማለፍ ቢያቅተው ጥላው በእግሯ እየሮጠች ነበር። ልጇን ተቀብላ የልጅቷን ጭንቅላት፣ ክንዷን፣ እግሯን ዳበሰች። በአባቷ ግንባር ላይ ያለውን ደም በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። ልጇን አቅፋ ወደ ቤት መራመድ ጀመረች። ጋሼ ግርማቸው ዝምታዋን ከበረዶው አብልጠው ፈሩት። ከእንግዲህ ልጅቷን አምና አትሰጠኝም፣ እሷም ልክ ናት፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አፍሬ ተቀምጬ ልጇን ላሳጣት ነበር፤ እንዲህ እያሉ ከኋላዋ ተከተሏት።

ቤት ሲገቡ መብራት የለም። ዮፍታሔ ከሥራ መጥቶ የሆነውን ሲሰማ እጁን ዘርግቶ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ነገ እሑድ ጉባኤው ይህን ምስክርነት መስማት እንዳለበት ተናገረ። አባባ በእምነት እንዴት ጸንተው እንደቆሙ ለወጣቶቹ ትምህርት ይሆናል አለ። ናርዲ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ «ኖ፣ አባባ ፈርቶ ነበር። ነግሮኛል» አለች። አባቷ ፈገግ ብሎ፣ አባባ እንደማይፈሩ ሊያስረዳት ጀመረ።

«ተዋት» አሉት ጋሼ ግርማቸው። «እሷ ናት እውነቱን የተናገረችው። ፈርቼ ነበር። መጸለይም አቅቶኝ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም አወጡት። ደመናውን አይተው አፍረው መቀመጣቸውን፣ ረቡዕ ረቡዕ ቧንቧ ከፍተው መደበቃቸውን፣ አልጋ ሥር የተጋደሙበትን ቀን ሳይቀር። ዮፍታሔ አንገቱን ደፋ። ናርዲ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት። ስመኝ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበርና ፊቷ በደንብ አይታይም።

«የወሰዱህ ዕለት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አባዬ» አለች በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆመህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ያስታውሳሉ። አታልቅሺ፣ የእግዚአብሔር ልጅ አይፈራም ነበር ያሏት።

«አራት ዓመት አላለቀስኩም። ማታ ማታ መኪና በሰማሁ ቁጥር የሚገድሉህ ይመስለኝ ነበር። ለእማዬም አልነገርኳት። አንተ ካልፈራህ እኔ ብቻ ነኝ የምፈራው፣ የእግዚአብሔር ልጅም አይደለሁም ማለት ነው ብዬ።» ወደተኛችው ልጇ ዞረች። «ዛሬ ለእሷ ያልካትን ያን ዕለት ለኔ ብትለኝ ኖሮ።»

ጋሼ ግርማቸው ያን ዕለት ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ እንደነበር፣ እንዳታይባቸው የበሩን መቃን ተደግፈው እንደቆሙ ነገሯት። እንዳትሰበር ብለው ያደረጉት ነበር። ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ልቅሶዋም የትልቅ ሴት ሳይሆን የልጅ ነበር። አታልቅሺ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መልሰው ዘጉት። ተነስተው ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደበቁትም።

ውጭ ዝናቡ ገና አላባራም። ዮፍታሔ ናርዲን አቅፎ ወደ አልጋዋ ሊወስዳት ሲያነሳት ነቃችና ራበኝ አለች። ስመኝ ዓይኗን ጠርጋ፣ በመምሸት ላይ ባለው ብርሃን ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ ፈልጋ አመጣች። አራቱም ቆመው በሉ።